ሳይተከል የበቀለ

ደብዳቤው ሲነበብ ሬቴ ቃሉን አልሰማችም። ዓይኗ የተተከለው ፊርማው ላይ ነበር።

የምርምር ጣቢያው ፎርማን ወረቀቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ከእናቷ ደጃፍ ቆሟል። ከኋላው አምስት ሠራተኞች ገጀራ እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተዋል። «በማሳው ላይ የቅጠል ቡራቡሬ በሽታ በመገኘቱ» ይላል ፎርማኑ ቃሉን እየጎተተ፣ «ያለው ካሳቫ በሙሉ ተቆርጦ እንዲቃጠል፣ በምትኩም ከጣቢያው የሚሰጠው ዘጠኝ ቁጥር የተባለው ዓይነት ብቻ እንዲተከል ተወስኗል።» የጠዋት ፀሐይ ከወረቀቱ ጀርባ ስለነበረች ጽሑፉ ተገልብጦ ይታያል። ቢገለበጥም ፊርማው አልጠፋትም። ከላይ አንዲት ጭረት፣ ከታች እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ጭራ። ያን ጭራ አስራ አራት ጊዜ አይታዋለች፤ በአስራ አራት ደብዳቤ ግርጌ፣ «ያንቺው» ከሚለው ቃል ሥር።

«በሙሉ ማለት?» አለ ታላቅ ወንድሟ።

«በሙሉ ማለት በሙሉ ነው።»

እናቷ ከተቀመጠችበት ድንጋይ አልተነሳችም። «ከአስራ ዘጠኙ ዓይነት አራቱ መታመማቸውን እኔም አይቻለሁ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «ቅጠላቸው ከተጨማደደ ሰንብቷል። በዚህ ሳምንት ልነቅላቸው ነበር። አስራ አምስቱ ግን ደህና ናቸው። ግቡና እዩዋቸው።»

«እማማ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው። የጻፉት እንግዲህ የተማሩት ናቸው።»

ወንድሟ ተወርውሮ የፎርማኑን ኮሌታ ጨበጠ። ሠራተኞቹ ወደ ኋላ አሉ። እናትየዋ «ልጄ፣ እጅህን አውርድ፤ ሰውየው ተልኮ ነው» ባትል ኖሮ ያን ጠዋት ደም ይፈስ ነበር። ወንድሟ እጁን አወረደ። ፎርማኑ ኮሌታውን አስተካከለና «ጀምሩ» አለ።

ገጀራው ሲያርፍ ካሳቫው ብዙ ድምፅ አላሰማም። ቀጭ ይልና ዘንበል ይላል፤ ከተቆረጠው አፍ ነጭ ወተት ጠብ ይላል። ሬቴ ከአጥሩ ሥር ቆማ አንድ በአንድ ሲወድቁ አየች።

ግማሹ ማሳ ሲወድቅ የሞተር ሳይክል ድምፅ መጣ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ልቧ ይዘል ነበር። ዛሬም ዘለለ። በዚህም በራሷ ተናደደች።

ሰውየው የጣቢያው ባለሙያ ነው። ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ ቁጥር ስለሚያስር የመንደሩ ሰው «ቁጥሬ» ይለዋል፤ እሱም ለምዶ ይስቃል። ዛሬ አልሳቀም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ አቧራ የለበሰ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። በወደቀው ካሳቫ ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዓይኑን ሰበረ።

«ፊርማው ያንተ ነው?» አለችው።

«የኔ ነው።»

«አስገድደውህ ነው?»

አጎቴ ናቸው ያስገደዱኝ፣ ፊርማዬን አስመስለውብኝ ነው፣ ሳላነበው ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ቢል ለማመን ተዘጋጅታ ነበር። እግሯ ሁሉ ወደፊት ሊራመድ ደርሶ ነበር።

«አይደለም» አለ። «አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

«የታመመው ስንት ነው?»

«አራት።»

«ወረቀቱስ ምን ይላል?»

«በሙሉ ይላል።»

ሬቴ ወደ አጥሩ ተጠጋች። ፊቷ ገርጥቷል። «እንግዲያው ይስሙኝ» አለችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ሲገቡ ሲወጡ፣ እናቴ ከእጇ ስታጎርስዎት፣ የሚቆጥሩት ለካ የሚቃጠለውን ኖሯል። እጅዎ ይባረክ። ቆጠራዎ ተጠናቋል።»

«እርስዎ» የሚለው ቃል በጥፊ ከመመታት በላይ ፊቱን አጠቆረው። «ሬቴ፣ እባክሽ...»

«ሬቴ የሚለኝ ዘመዴ ነው። እርስዎ እንደ ወረቀትዎ ‹የማሳው ባለቤት ልጅ› ይበሉኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። በሩን ዘግታ ብቻዋን ስትሆን፣ የሚያንቀጠቅጣት ንዴት ብቻ እንዳልሆነ አወቀችው። ናፍቃው ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ አላየችውም ነበርና፣ በዚያ ሁሉ መሀል እሱ ከስቶ እንደሆነ ዓይኗ ልብ ብሏል። ይሄን ለማንም የማትናገረው ውርደት አደረገችው።

*

ሬቴ የመዝገብ ስሟ አይደለም። በአምስት ዓመቷ ምላሷ የማይቀመስ ስለነበር ወንድሟ ያወጣላት ስም ነው። እናትየዋ እንኳ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

ቁጥሬ መጀመሪያ የመጣው የካሳቫ ዓይነቶችን ሊመዘግብ ነበር። የእናትየዋ ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ሌላው ገበሬ አንድ ወይ ሁለት ዓይነት በሚተክልበት መንደር እሷ ዘንድ አስራ ዘጠኝ አገኘ። በየግንዱ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ሊያስር ሲል እናትየዋ ከልብ ተገርማ አየችው። «ስማቸውን ሳትጠይቅ ቁጥር ትሰጣቸዋለህ?» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ተማረ። አስተማሪዋ ሬቴ ነበረች። ቅጠል ዘንጉ የቀላው «ቀይ አንገት» ነው። በስድስት ወር የሚደርሰው «ቶሎ ና» ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ተጋድሞ ምንም የማይሠራ የሚመስለው፣ ሲነቀል ግን ጎተራ የሚሞላው «ሰነፍ ባል» ነው። ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ ሰው የሚገድለው መራራ ደግሞ «አማት አትቅመሰው»።

«መርዝ ከሆነ ለምን ትተክሉታላችሁ?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ጃርትም ሌባም አይነካውም። ድርቅ ሲመጣ የሚጠብቀን እሱ ነው» አለችው። «መራራ ነገር ታማኝ ነው።»

«አንቺንም ለዚህ ነው ሬቴ የሚሉሽ?»

ያን ጊዜ ሳቀች። እሱ ደግሞ ያን ሳቅ ለማስደገም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሞከረው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስገረመው። እናትየዋ ስታርም ሁሉንም ሣር ነቅላ አንዳንድ ቦታ ማንም ያልተከለውን ትንሽ የካሳቫ ችግኝ ትተዋለች። ካሳቫ የሚተከለው ከግንድ ቁራጭ ነው፤ እነዚህ ግን ከረገፈ ፍሬ ራሳቸው የበቀሉ ናቸው። «እንግዶች» ትላቸዋለች። እንግዳ ምን ይዞ እንደመጣ ሳይታወቅ አይባረርም ትላለች፤ ካደገና ሥሩ ከጣፈጠ፣ ወይ ድርቅ ከቻለ፣ ስም ያገኛል። ካልሆነም ይበላል። ከአስራ ዘጠኙ ሰባቱ እንዲህ የመጡ ነበሩ። ቁጥሬ ይህን በሰማ ቀን ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። ቀና ሲል ሬቴን ነበር ያያት፤ እሷም አስተያየቱ ከካሳቫ ያለፈ መሆኑ ገባት።

ለሥልጠና ስምንት ወር ርቆ ሄዶ አስራ አራት ደብዳቤ ጻፈላት። ሲመለስ ወደ አጎቱ ቤት ወሰዳት። አጎቱ የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ወላጅ አልባ ሆኖ የቀረውን የእህቱን ልጅ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። ኃላፊው እጇን ሲጨብጥ መዳፏን ገልበጥ አድርጎ አየው። ጣቶቿ ሥር የተጋገረውን ጠንካራ ቆዳ አይቶ ቀስ ብሎ ለቀቃት። «እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርሽ?» አላት። መልሷን ሳይጨርስ ስልክ ሊያነሳ ሄደ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር። ሬቴ ያን ቀን ምሳ ከፊቷ ቀርቦ፣ ሹካው ሳይነካ፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ ቆየች። በገዛ እጇ ስታፍር የመጀመሪያዋ ነበር።

*

የተቆረጠው ግንድ ማሳው ላይ ተነጥፎ ስድስት ቀን ደረቀ፤ በሰባተኛው ቀን እሳት ለቀቁበት። ጎረቤቱ ሁሉ ከመሬት የወጣውን ሥር ሲልጥና ሲዘፈዝፍ ከረመ። እናትየዋ ግን ማሳው ዳር ቁጭ ማለት አመጣች። አታለቅስም፣ አትራገምም። ሬቴን የሚያሳብዳት ይሄ ነበር። እናቷ ብትጮህ እሷ ታባብላት ነበር፤ ዝም ስትላት ግን የሁለቱንም ንዴት ብቻዋን ተሸከመችው።

ከቁጥሬ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሁለቱንም ሳትከፍት በመጡበት መለሰቻቸው። ሦስተኛው ሲመጣ ፖስታው ላይ የእናቷ ስም ነበር።

እናትየዋ ማንበብ አትችልም። ሬቴ «እኔ አልነካውም» አለች። ስለዚህ እናትየዋ የሬቴን ወንድም ጠራችው።

«እኔ? የዚያን ወረቀት?» አለ ወንድሟ። «እማዬ፣ ከማነበው ብበላው ይሻለኛል።»

«መጀመሪያ አንብበው፤ ከዚያ ብላው።»

ወንድሟ ፖስታውን ቀደደ። ቆመ። ድምፁን እንደ ፎርማኑ አቅጥኖ፣ እየተጎተተ ጀመረ። «‹ይድረስ ለእማማ። ሪፖርቴ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት አራት ብዬ ነበር።› ሰማችሁ? አራት ብሎ ኖሯል ጌታው! ‹አጎቴ ቢሯቸው ጠሩኝ። ከአስራ አምስቱ መካከል በሽታው የተደበቀበት ቢኖርስ፣ ሸለቆው ሁሉ ቢያልቅ ማን ይጠየቃል አሉኝ። መልስ አላጣሁም። ያጣሁት ድፍረት ነው። አራት የሚለውን ሰርዤ በሙሉ ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ለሠራሁት አነሰብኝ።›»

«ቀጥል» አለች እናትየዋ።

«‹አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ያ ማሳ አርባ ዓመት ሙሉ ፍሬ ሲያራግፍ ኖሯል። ዘሩ አፈር ውስጥ አለ። እሳት ካለፈበት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል። ይህ በሽታ በግንድ ነው የሚተላለፈው፤ በዘር አይተላለፍም። እባክዎ ዝናቡ እስኪመጣ ማሳው አይታረስ፣ አይቆፈር። ጣቢያው ያመጣልዎትን ግንድም ለጊዜው አይትከሉ።›» ወንድሟ ወረቀቱን አወረደ። «ያቃጠለው እሱ፣ መካሪው እሱ!»

«እንግዶቹን ማለቱ ነው» አለች እናትየዋ ለራሷ። «በዘር አይተላለፍም? ይሄን እኔም አላውቅም ነበር።»

«አልቋል?» አለች ሬቴ ከበሩ ሥር። አልሰማም ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ሁሉንም ሰምታ ነበር።

«አንዲት መስመር ቀርታለች።» ወንድሟ እንደገና ድምፁን አቀጠነ። «‹ለልጅዎ አዲስ የምለው የለኝም። ያለኝን ሁሉ በአስራ አራቱ ውስጥ ብዬዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ...›» እዚህ ላይ የፎርማኑ ድምፅ ከጉሮሮው ጠፋ። ቀሪውን በራሱ ድምፅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ አፈረ ሰው ጨረሰው። «‹ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል አልሰርዝም።›»

ወንድሟ ወረቀቱን አጥፎ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠውና ወጣ። አልበላውም።

ሬቴ ወደ ጓሮ ሄዳ የተዘፈዘፈውን ካሳቫ ውኃ ትለውጥ ጀመር። ቢዋሽ ኖሮ መጥላት ይቀላት ነበር። አጎቱ ላይ ቢያላክክ፣ ልምምጡን ቢያበዛ፣ ንቃው ትገላገለው ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ልክ እንደ ቁጥሩ አንድም ሳያጎድል ጻፈው። አሁን ምን ታድርገው? ባልዲውን በእርግጫ ደፋችው። እግሯን አመማት፤ ሕመሙን ወደደችው።

*

ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። በአስራ አንደኛው ቀን እናትየዋ «ሬቴ!» ብላ ስትጮህ ከቤት በሩጫ ወጣች።

እናቷ በተቃጠለው አፈር ላይ ተንበርክካለች። ጥቁሩ መሬት ነጥብ ነጥብ አረንጓዴ ሆኗል። አሥር አይደለም፣ ሃያ አይደለም፤ ዓይን እስከሚደርስ። አንዱ ዘንጉ ቀይ፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ቅጠሉ እንደ ጣት የቀጠነ፣ አንዱ ሰፊ። ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም። እናትየዋ በጣቷ ጫፍ ትነካቸዋለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ሬቴ አጠገቧ ተንበረከከች። ስንት ወር የያዘችው ነገር ደረቷ ውስጥ ሊሰነጠቅ ሲል የመኪና ድምፅ ሰማች።

የጣቢያው መኪና ነበር። ከኋላው ዘጠኝ ቁጥር ግንድ በእስር በእስር ተጭኗል። ኃላፊው ራሱ ወረደ፣ ፎርማኑና ሠራተኞቹ መኮትኮቻ ይዘው ተከተሉ። ከሁሉ በኋላ ቁጥሬ። ከስቷል። ማሳውን ሲያይ እርምጃው ተገታ፤ ፊቱ ላይ ብልጭ ያለውን ደስታ ሬቴ አየችው፣ እንዳየችውም አወቀ። ሁለቱም ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

«ማንም አልተከላቸውም» አለች እናትየዋ ከተንበረከከችበት። «ራሳቸው መጡ።»

«ትእዛዙ ግልጽ ነው። ከዘጠኝ ቁጥር በቀር በዚህ ማሳ ምንም አይኖርም።» ከአንዱ ሠራተኛ እጅ መኮትኮቻ ተቀብሎ ለእህቱ ልጅ አቀበለው። «አንተ ጀምር። የፈረምከው አንተ ነህ፤ አንተው ጨርሰው።»

ቁጥሬ መኮትኮቻውን ይዞ ቆመ። ወንድሟ ከአጥሩ ወዲህ ዘለለ። ሬቴ ግን ቀደመችው፤ መጥታ ከቁጥሬ ፊት ተገተረች።

«ይጀምሩ እንጂ» አለችው። «እጅዎ ለፊርማ ፈጣን ነበር። ለዚህ ምን ያዘው?»

ቁጥሬ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ አጎቱ ዞረ።

«ጋሼ፣ አላደርገውም።»

«ምን አልክ?»

«አልቆፍርም። ትክክለኛውን ሪፖርት፣ አራት የሚለውን፣ ትናንት ለዋናው መሥሪያ ቤት ልኬዋለሁ። በሙሉ ብዬ የቀየርኩት እኔ መሆኔንም ጽፌበታለሁ። የእርስዎን ስም አላነሳሁም።»

የኃላፊው ከንፈር ነጣ። «ማን ነው ያሳደገህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እናትህን ማን ቀበራት?»

ኃላፊው ወደ ሁሉም ዞረ፤ ድምፁ እንደ ባለሥልጣን ጀምሮ መሀል ላይ ተሰበረ። «ክፉ ሰው እመስላችኋለሁ። እናንተ በሽታው ምን እንደሆነ አታውቁም! የአባቴን ማሳ በአንድ ክረምት ሲጨርሰው እኔ አይቻለሁ። የዚህን ማሳ፣ የዚያን ማሳ፣ መንደሩን በሙሉ። ታናሽ እህቴ ይሄን ልጅ እያጠባች ነበር። ያገኘችውን ለእሱ ወተት ይሁን እያለች፣ ለራሷ ሳትል... በዚህ ክንዴ ነው ተሸክሜ የቀበርኳት። ምንም አትከብድም ነበር። ምንም! ከዚያ ወዲህ ነው በሽታ የማይነካው አንድ ካሳቫ አገኛለሁ ብዬ የማልኩት። ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። አገኘሁት። እና እናንተ እንግዳ ምናምን ትሉኛላችሁ!»

ሬቴ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ቁጥሬን አየችው። መኮትኮቻውን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

እናትየዋ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። ጭቃውን ከቀሚሷ አላራገፈችም። «ነፍሷን ይማር፣ ወንድሜ» አለች። ከልቧ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአባትዎ ማሳ፣ በመንደሩ ማሳ ሁሉ፣ ስንት ዓይነት ካሳቫ ነበር?»

«ምን?»

«ስንት ዓይነት ትተክሉ ነበር?»

ኃላፊው ሊመልስ አፉን ከፈተ። «አንድ» አለ። «ምርጥ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ስለነበር ሰዉ ሌላውን ጥሎ እሱን ብቻ...»

አልጨረሰውም። የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ታየ። እናትየዋ አንዲት ቃል አልጨመረችበትም። ቆይታ፣ «የእርስዎንም አልጠላሁትም» አለች። «ደክመውበታል። እዚያ ጥግ ላይ እተክለዋለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር ይኑር።»

ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ችግኞቹን አየ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ከፍቶ ለፎርማኑ «አንድ እስር አውርድላት» አለው። ለእህቱ ልጅ ደግሞ፣ ጀርባውን እንደሰጠው፣ «ልብስህን ከቤቴ ውሰድ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ለዚህም ነበር ቁጥሬን የወጋው።

*

መኪናው ከሄደ በኋላ ማንም ለቁጥሬ ቁጭ በል አላለውም። እናትየዋ ወደ ችግኞቿ ተመለሰች። የሬቴ ወንድም መኮትኮቻውን ከእጁ ነጠቀው፤ «እንዳትረግጣቸው፣ እግርህን እያየህ ውጣ» ብሎት ሄደ። ከእሱ አፍ ይህ ደግነት ነበር።

ቁጥሬ እግሩን እያየ ወጣ። ማሳው ዳር ሲደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሬቴ መጣች። ቆመችበት።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ» ማለቷን ረስታዋለች፤ እሱ አላስታወሳትም።

«ዛሬ ስለተናገርክ የተቃጠለው አይመለስም። ቀይ አንገት የለም። ሰነፍ ባል የለም። እነዚህ ሌሎች ናቸው፤ እነሱ አይደሉም።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ አትበለኝ! አስራ አራት ደብዳቤ ጻፍክልኝ። ስለ አውቶቡሱ ነገርከኝ፣ ስለ ዝናቡ ነገርከኝ፣ ስለ አልጋህ ትኋን እንኳ ነገርከኝ። ስለ እናትህ አንዲት መስመር የለም። ለምን?»

ሣር ነጭቶ በጣቱ ያፍተለትለው ጀመር። «ብነግርሽ ታዝኝልኝ ነበር። ታዝኚልኝ ዘንድ አይደለም የወደድኩሽ።»

«እና ያን ቀን፣ ቢሮው ውስጥ?»

«ያን ቀን ጋሼ እሷን ነው የጠሩብኝ። ‹እናትህን የገደላት በሽታ የሌላ ልጅ እናት ይግደል?› አሉኝ። እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ነበር።»

«ለአንተ እናት ብለህ የኔን እናት አቃጠልካት።»

ጨካኝ ቃል ነበር። ስትለው አውቃዋለች፤ እንዲያምመው ብላ ነው ያለችው። እሱ አልተከላከለም። «አዎ» አለ። «እንደዚያ ነው።»

ከማሳው መሀል የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ከወንድሟ ጋር በምን እንደሆነ ትጨቃጨቃለች፣ «እሱን አትንቀለው አልኩህ!» ትላለች። ሬቴ ልትሄድ ዞረች። ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ተመልሳ አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ቦታ ተወች።

«ስሟ ማን ነበር?» አለችው።

ነገራት። የእናቱን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ጮክ ብሎ ያለው መቼ እንደሆነ አያስታውስም ነበር፤ አጎቱ ቤት ስሟ አይነሳም። ሬቴ ስሙን ደግማ አለችው፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ያህል። ከእሷ አፍ ሲወጣ ሰማው። ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እንባውን አልጠረገችለትም። እጇንም አልዘረጋችለትም። ግን አልተነሳችም። ደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ንዴት ይሁን ሌላ ራሷም አታውቀውም ነበር። ከባድ ነበር። ብቻ ያን ሸክም ሊያወርድላት የሚችል ሰው ቢመጣ እንኳ ያን ጊዜ አሳልፋ አትሰጠውም ነበር።